መምህሩና የጫልቱ ካባ ፈርጦች

“የሚያብለጨልጭ ልብስ አልወድም” የሚሉ ሰዎችን እኔ አላምናቸውም። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ በተለይም እንደ እኔ ጡረታ ወጥተው፣ ግራጫ ሹራብ ላይ ግራጫ ኮት ደርበው፣ አሰላ ዋናው መንገድ ዳር ቆመው ፀሐይ የሚሞቁ ወንዶች። ግብዣ ላይ ግን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ሙሽራዋ ካባዋን ደርባ ብቅ ስትል የሁሉም አንገት እንደ ሱፍ አበባ ወደ እሷ ይዞራል። ቁጭ ስትል ደግሞ “ምነው እንዲህ አበዙት!” እያሉ ይተቻሉ። ካላዩት መብዛቱን በምን አወቁ?

ይህን የምለው ከእነሱ ተሽዬ አይደለም። አንዱ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ውድነሽ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሱቋ ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ቤታችን ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ልብስ ሰፊዎች ፈርጥ፣ ወጣቶቹ ስቶን የሚሉት የሚያብለጨልጭ ጥቃቅን ነገር የሌለበት ቦታ የለም። ምንጣፍ ላይ አለ። ካልሲዬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ከምስር ወጥ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ያም ሆኖ ለዚያ ሁሉ ዘመን አንዱን እንኳ አንስቼ “ይህ ምንድን ነው?” ብዬ አላየሁትም። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሴቶች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት መግቢያው ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ውድነሽ ከሱቋ ደጃፍ ጭቃው አንሸራቷት ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰበረ። ከሐኪም ቤት በጀሶ ታሽጋ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው አልጋዋን ሳይሆን የሥራ ጠረጴዛዋን ነው። እዚያ ላይ ጥቁር ቀይ የከፋይ ካባ ተዘርግቷል። የወርቅ ዘቦ ጥልፉ አልቋል፤ የቀረው ፈርጡ ብቻ ነው። የካባው ባለቤት ጫልቱ የምትባል ነርስ ስትሆን፣ የምትለብሰውም እሑድ፣ ዲክሲስ በቤተሰቦቿ ግቢ በሚደገሰው መልስ ላይ ነው። እናቷ ወይዘሮ ጠጄ ከፋዩን ራሳቸው መርጠው አምጥተው፣ ለውድነሽ የሰጧት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ “ከድንኳኑ መጨረሻ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይየው።”

ውድነሽ ሥራውን ለሌላ ልብስ ሰፊ ልትሰጥ ስልኳን በግራ እጇ አነሳች። እኔ ከለከልኳት።

“ድንጋይ መለጠፍ ምን ያቅታል?” አልኳት።

ስልኳን መልሳ አስቀመጠችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። በትዳር ብዙ የቆያችሁ እንዲህ ያለውን እይታ ታውቁታላችሁ።

ማክሰኞ ገበያ ወጥቼ ካገኘሁት የመጀመሪያ ሱቅ ገባሁና በላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ አምፖል ስር የተንጠለጠለውን ገዛሁ። ትልልቅ ነው፤ ያብረቀርቃል። እኔም ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ፣ ውድነሽ ተኝታ ሳለ፣ ካውያውን አጋልኩና ሦስቱን የካባው ደረት ላይ ደርድሬ ተጫንኳቸው። በካውያ እንደሚለጠፍ ከሩቁ አይቼ አውቃለሁ። የማላውቀው በካውያ የሚለጠፈው ሌላ፣ በካውያ የሚቀልጠው ሌላ መሆኑን ነው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ካውያውን ሳነሳ ፈርጦቹ ተልሰው የተተፉ ከረሜላዎች መስለዋል። ይባስ ብሎ ያ ለስላሳ የከፋይ ጸጉር ላም እንደላሰችው ጥጃ ተኝቷል፤ የካውያው ቅርጽ ከነሹል ጫፉ ደረቱ ላይ ታትሟል።

“ምንድን ነው የሚሸተኝ?” አለች ውድነሽ ከውስጥ።

“ጎረቤት ፕላስቲክ እያቃጠሉ ነው” አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ!

ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። ካባውን ለማጠፍ ሞክሬ ነበር፤ አልደረስኩም። አየችው። የጫልቱ የመልስ ቀን፣ የሚስቴ የዘመናት ስም፣ ሁለቱም እጄ ላይ ቀልጠዋል።

ውድነሽ አልጮኸችም። “ማንቆርቆሪያውን ጣድ” አለችኝ። ውሃው ሲፈላ የካባውን ጀርባ በእንፋሎቱ ላይ አንዣብቤ እንድይዝ አዘዘችኝ፤ እሷ በግራ እጇ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ፊቱን ወደ ላይ ትቦርሸው ጀመር። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩ። ቀስ በቀስ የተኛው ጸጉር ተነሳ፤ የካውያው ቅርጽ ጠፋ። ሦስቱ የቀለጡባቸው ነጥቦች ግን ቀሩ።

“እነዚህን ፈርጥ ይሸፍናቸዋል” አለች። “ግን ፈርጥ እንጂ ከረሜላ አይደለም። ነገ አዳማ ትወርዳለህ፤ ፈርጥ ሻጯ ዘሀራ ጋ። የምትልህን ስማ። አስተማሪ አትሁንባት!”

ረቡዕ በጠዋት ከከፋዩ የተረፈች ቁራጭ በኪሴ ይዤ ወረድኩ። ኢተያን አልፈን ቆላው ሲቀበለን ሹራቤን አወለቅኩ፤ አዳማ ስገባ ኮቴም ክንዴ ላይ ነበር። የወይዘሮ ዘሀራ ሱቅ ከአንድ ክፍል አይበልጥም፤ ግን ግድግዳው ሁሉ በትንንሽ መሳቢያዎች የተሞላ ነው። እሳቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ስንት እንደምፈልግ አልጠየቁኝም።

“ለምን ዓይነት ጨርቅ ነው?” አሉኝ።

ቁራጯን ሰጠኋቸው። ዳሰሷትና ሁለት ፈርጦች መዳፌ ላይ አስቀመጡ። “እስቲ የትኛው ነው መስታወቱ?”

የበለጠ ያብረቀረቀልኝን አነሳሁ። ፕላስቲክ ነበር።

“አይን ይታለላል” አሉ እየሳቁ፤ “ጉንጭዎ ላይ ያድርጉት።”

አደረግኩት። አንደኛው ወዲያው ሞቀ። ሁለተኛው እንደ አሰላ ጠዋት ቀዘቀዘኝ፤ ቅዝቃዜውም ቶሎ አልለቀቀም። ያ መስታወቱ ነው። ቀጥለው ሁለት ሁለቱን አጋጩልኝ። ፕላስቲኩ እንደ ቁልፍ ‘ጠቅ’ አለ፤ መስታወቱ ‘ቅጭል’ አለ። ከዚያ መነጽራቸውን አውሰውኝ ጠርዙን አሳዩኝ፤ የፕላስቲኩ ጠርዝ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራ ስለሆነ ዱልዱም ነው፤ የመስታወቱ እያንዳንዱ ገጽ በስለት የተቆረጠ ይመስላል።

“ፕላስቲኩን ግን አይናቁት” አሉ። “ለትምህርት ቤት ትርኢት፣ ለልጆች ዘውድ፣ ለትልልቅ ጌጥ እሱ ነው የሚሻለው፤ ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም። በማጣበቂያ ይለጥፉታል። ካውያ ግን አያሳዩት።”

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ውድነሽ ደውላላቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጀርባው ላይ ደረቅ ሙጫ ያለው በካውያ እንደሚለጠፍ፣ ሆኖም ከፋይ የካውያ ጫናና ሙቀት ስለማይወድ ለካባ የሚሻለው ቀዳዳ ያለውና በመርፌ የሚሰፋው እንደሆነ ነገሩኝ። ከጀርባው የተቀባውን ብርማ ቀለም አሳዩኝ፤ የገባውን ብርሃን ወደ ተመልካቹ የሚመልሰው እሱ ነው። ቀለሙ ከተፋቀ ፈርጡ “አይኑ የሞተ” ይባላል። እኔ በልቤ ‘ነጸብራቅ! ምዕራፍ ሦስት!’ እላለሁ። አስተማሪ አትሁን ተብያለሁና ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ “በአምፖል ስር ፈርጥ የሚመርጥ ሰው ይቆጨዋል” ብለው ወደ ደጅ አወጡኝ። ከፋዩን ወንበር ላይ ዘርግተው አንዱን ወገን በፈርጥ ጠቅጥቀው ሞሉት፤ በሌላው ወገን ትንንሾቹን በተን በተን አድርገው በየመሃሉ ትልልቆቹን ጣል ጣል አደረጉ። ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ቀስተ ደመና ኅብር የተቀባ አስቀመጡ። “አሁን መንገዱን ይሻገሩና ይዩ።” ተሻገርኩ። የተጠቀጠቀው ከሩቅ ሲታይ አንድ ነጭ እድፍ ሆኗል። ኅብሩ ከወርቅ ዘቦው ጋር ሊጣላ እንደሚችል እኔም ገባኝ። በተን ብሎ የተቀመጠው፣ ክሪስታል የሚሉት ጥርት ያለ መስታወት ግን በባጃጆቹ መሃል አሻግሮ ይጠቅሰኛል!

ስመለስ ወይዘሮ ዘሀራ ከአንድ መሳቢያ ውስጥ የውሃ ጠብታ የመሰለ፣ ጀርባው ያልተቀባ ክሪስታል በክር አንጠልጥለው እያዩ ነበር። ፀሐይዋ በዚያች ጠብታ አለፈችና የነጭ ሸሚዜ እጅጌ ላይ አረፈች። ቀይ። ብርቱካን። ቢጫ። አረንጓዴ። እስከ ወይን ጠጁ ድረስ!

“ይኸው! ይኸው ስብራቱ! ብርሃኑ ተሰበረ!” ብዬ ጮህኩ።

አላፊ አግዳሚው ቆመ። ወይዘሮ ዘሀራ ደንግጠው እጄን ያዙ። “ምን ሆኑ፣ ወጋዎት እንዴ?”

ምን ብዬ ልንገራቸው? በማስተማር ዘመኔ ሁሉ የብርሃን ስብራትን አስተምሬ፣ ቤተ ሙከራችን አንዲት የመስታወት ፕሪዝም ሳይኖራት፣ ያን ነገር በገዛ ልብሴ ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ መሆኑን? “ከጠብታዎቹም ይጨምሩልኝ” ብቻ አልኳቸው። ውድነሽ ጠብታ አላዘዘችም። እኔ አዘዝኩ!

ሐሙስ ጫልቱ ከእናቷ ጋር ልትለካ መጣች። ዝምተኛ፣ ዓይኗ ፈገግ የሚል ልጅ ናት። ገና ከመግባቷ “ቲቸር፣ አላስታወሱኝም?” አለችኝ። “አስረኛ ክፍል አስተምረውኛል። ሰባቱንም የብርሃን ቀለማት በነጭ ጠመኔ ስለውልን ነበር።”

እውነት ነው፤ ባለቀለም ጠመኔ አልነበረንም። ከእያንዳንዱ ነጭ መስመር ጎን “ቀይ”፣ “ቢጫ” እያልኩ እጽፍ ነበር። ከጠብታዎቹ አንዷን አንስቼ ወደ በሩ ፀሐይ ወሰድኳትና ቀለማቱን መዳፏ ላይ ጣልኩላት። ጣቶቿን ዘርግታ ብዙ አየችው።

“እና እውነት ነበር?” አለችኝ።

“እኔም ትናንት ነው ያረጋገጥኩት” አልኳት።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። ጫልቱ ጥቂት ይሁንልኝ ትላለች፤ ወይዘሮ ጠጄ ጨርቁ እስኪጠፋ ይሙላ ይላሉ። እናትና ልጅ በኦሮምኛ ተጀማምረው በአማርኛ ሲጋጋሉ ውድነሽ ጣልቃ ልትገባ ስትል ቀደምኳትና ወይዘሮ ጠጄን ወደ መንገዱ ማዶ አሻገርኳቸው። ውድነሽ ለሙከራ ቁራጭ ከፋይ ላይ ያስያዝናቸውን ሁለቱን አደራደሮች በየተራ ከፍ አድርጋ አሳየች። ወይዘሮ ጠጄ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ።

“ያኛው የተለሰነ ግድግዳ መሰለ” አሉ በመጨረሻ። “ይሄኛው ግን ይጠራኛል።”

ሐሙስንና አርብን ስሰፋ ዋልኩ። ውድነሽ በግራ እጇ ትጠቁማለች፣ እኔ እወጋለሁ፤ አንዳንዴም ጣቴን እወጋለሁ። ከትከሻው ሰብሰብ ብሎ ወደ ታች እየሳሳ እንዲወርድ አደረግነው። ሦስቱ የቅጣት ነጥቦቼ ላይ ሦስት ትልልቅ ፈርጦች ዋሉ። ጠብታዎቹን በአንገትጌው ዙሪያ አንጠለጠልኳቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመጨረሻዋን ስቋጥር ውድነሽ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ፈትጋ “ይይዛል” አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

እሑድ ዲክሲስ ስንደርስ ጭጋጉ ስንዴውን እንኳ አላሳይ ብሏል። ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ሙሽሮቹ በእልልታ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ ካባው ግን ዝም አለ። ያ ሁሉ ክሪስታል እንደ በረዶ ቁራጭ ፈዝዞ ተቀምጧል። ወይዘሮ ጠጄ ከወጥ ድስቶቹ መሃል ቀና ብለው ካባውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ወንበሬ ላይ አነስኩ።

ያን ጊዜ ቪዲዮ ቀራጩ ጨለማው ስላስቸገረው ትልቁን መብራት አበራ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጫልቱ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር የድንኳኑ ነጭ ጣሪያ በሙሉ በቀለም ነጠብጣብ ተሞልቶ ይንቀሳቀስ ጀመር። ቀለማቱ በዳቦው ላይ፣ በጠላው ብርጭቆ ላይ፣ በሽማግሌዎቹ ራሰ በራ ላይ ተረጩ። እልልታው ደመቀ። ግራጫ ኮት የለበሱት ሁሉ አፋቸውን ከፍተው አንጋጠጡ፤ “አበዙት” ያለ አንድም አልነበረም። ውድነሽ ጀሶዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ከጎኔ ታለቅሳለች። እኔም እያለቀስኩ ነው፤ ግን የእኔ እንባ የፊዚክስ ነው አልኳት።

ከፊቴ የተቀመጡት የጫልቱ አባት አቶ ለማ ናቸው። ነጭ ጋቢያቸው ላይ፣ ልክ ጉልበታቸው አጠገብ፣ አንዲት ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ አርፋለች። ወጥ የፈሰሰባቸው መስሏቸው በጣታቸው ይጠርጓታል። አልለቅ ስትላቸው ምራቃቸውን ቀብተው አሿት።

ጎንበስ አልኩና “ይተዉት አቶ ለማ፣ ከልጅዎ ካባ የመጣ ነው” አልኳቸው። “እሷ ስትነሳ አብሯት ይሄዳል።”

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ሙሽሮቹ ምሳ በልተው ወደ አሰላ፣ ወደ ራሳቸው ቤት ሊመለሱ ነው። አቶ ለማ ጣታቸውን አነሱ። ነጠብጣቧን ትንሽ አዩአትና መዳፋቸውን በስሱ ከጎኗ አሳረፉ፤ እንዳይጋርዱባት።

“ሃ ቱርቱ” አሉ በቀስታ። ከዚያም ያልገባኝ መስሏቸው ወደ እኔ ዞር ብለው “እንግዲያው ትንሽ ትቆይ” አሉኝ።

ተነሳሁና በሰዎቹ መሃል ተሹለክልኬ ወደ ቪዲዮ ቀራጩ ሄድኩ። መብራቱን ገና እንዳያጠፋ ለመንኩት።