ወይዘሪት እሺ፣ የዓለም ሻምፒዮን

እሺ ባይ የሌለበት ቤት የለም። ቤተሰቡ ሰባት ከሆነ ስድስቱ አዛዦች ናቸው፣ አንዱ እሺ ባይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ሠራተኛ ቢኖረውም የማተሚያ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ሲቀር የሚጠራው ስም አንድ ብቻ ነው። እሺ ባይን ከሰው መሃል ለመለየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ እጁ ባዶ ሆኖ አይታይም፣ የያዘው ዕቃ ደግሞ የራሱ ሆኖ አያውቅም። ስልክ ሲያነሳ «ሄሎ» ከማለቱ በፊት «እሺ» ይላል። ምን እንደተጠየቀ በኋላ ይደርስበታል። እንዲህ ያለ ሰው ይላላካል፣ ይሸከማል፣ ለሌላ ሰው ወረፋ ይይዛል እንጂ ሰው ይመታል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

አሰልጣኙም አልጠረጠረም ነበር።

አሰልጣኙ በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ የተሰበረ አፍንጫና በእርጅናው የሚነዘንዘው ጉልበት ያለው፣ ቁጡ፣ ግን ቁጣው ቶሎ የሚበርድለት ሰው ነው። የቦክስ መለማመጃ አዳራሹ ከአንድ ላውንደሪ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች የሚነሳው እንፋሎት በመስኮቱ ስለሚገባ እዚያ የሚለማመድ ቦክሰኛ ሁሉ የቱንም ያህል ቢያልበው የሚሸተው ሳሙና ሳሙና ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ቀጭን የላውንደሪ ሠራተኛ የታጠቡ ፎጣዎች ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። በዚያ ሰዓት ከተለማማጆቹ አንዷ የልምምድ ጓደኛዋ ስለቀረችባት ጓንቷን እንዳጠለቀች አኩርፋ ተቀምጣለች።

«የኔ ልጅ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ከፊቷ ትቆሚላታለሽ?» አላት አሰልጣኙ የላውንደሪዋን ልጅ።

«እሺ።»

«አትምቺ። ዝም ብለሽ ፊትሽን ሸፍኚ።»

«እሺ።»

ሸፈነች። ሦስት ደቂቃ ሙሉ የወረደባትን ሁሉ ቻለችው። የአሰልጣኙ አንጀት አልችል አለና «በይ አሁን አንዴ መልሺላት» አላት። «እሺ» አለች። ተለማማጇ ከወለሉ ላይ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችው ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ነበር። አሰልጣኙ ደግሞ የላውንደሪዋን ልጅ ነገም ትመጣ እንደሆነ ጠየቃት። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ቦክስ ለእሺ ባይ የተፈጠረ ሙያ መሆኑ ለአሰልጣኙ የገባው ያኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ያሠለጠናቸው ጉልበተኞች በሙሉ ተከራካሪዎች ነበሩ። «ግራ!» ሲላቸው «ለምን?» ይላሉ፤ «ጎንበስ!» ሲላቸው ቀና ብለው «ምን አልክ?» ይሉና እዚያው ይቀምሷታል። እሷ ግን ግራ ሲሏት ግራ፣ ጎንበስ ሲሏት ጎንበስ ናት። ዳኛ «ተላቀቁ» ሲል «እሺ» ብላ የምትላቀቅ ቦክሰኛ በሙያው ታሪክ ታይታ ስለማታውቅ፣ አንድ ዳኛ ከግጥሚያው በኋላ ለልጆቹ ምክር እንድትሰጥለት ቤቱ ጋብዟታል። ሄዳለች። አሰልጣኙ ፕሮፌሽናል ሁኚ ሲላት እሺ አለች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሩጪ ሲላት እሺ አለች። በዓለም ሻምፒዮናው ግጥሚያ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዙር መሃል ባለችው አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ አሰልጣኙ ውሃ እያጠጣት «በቃ ጨርሻት» አላት። ስድስተኛው ዙር ከተጀመረ አርባ ሰከንድ ሳይሞላ ተጋጣሚዋ ተዘረረች።

ጋዜጠኞች ማይክሮፎናቸውን ደቀኑባት።

«የድልሽ ምስጢር ምንድን ነው?»

«ጋሼ ጨርሻት አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«እሺ አልኩ።»

በማግስቱ የስፖርት ገጾች «የብረት ሥነ ሥርዓት» ብለው ጻፉላት። ደጋፊዎቿ ደግሞ በየአዳራሹ «እሺ! እሺ!» እያሉ መጮኽ ጀመሩ፤ የፉከራ ቃል መስሏቸው ነው። እነሆ ክብርት ወይዘሪት እሺ፣ የዓለም ሻምፒዮን ተባለች፤ ስሙም በዚያው ጸና። አሰልጣኙ ከደረጃው ሥር በትልልቅ ቀይ ፊደላት «የሻምፒዮኗ ቤት» የሚል ሰሌዳ አሠርቶ ሰቀለ።

ሻምፒዮንነቱ ግን እቤት ድረስ አልተከተላትም። ዘመዶቿ ከዓለም ሻምፒዮናው የተረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ጉልበት አላት። ታላቅ ወንድሟ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ «እህቴ እሺ ትላለች» እያለ በስሟ ቃል ይገባል። ስለዚህ ሱቅ ስትመርቅ፣ የማታውቀው ሰው ልደት ላይ ኬክ ስትቆርስ፣ የጎረቤት ሕፃን ታቅፋ ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ስትሰጥ ትውላለች። ሕፃኑ እስከ ዛሬ የእሷ የሚመስላቸው ተመልካቾች አሉ። አንድ ጊዜ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶዋን የምታስከብርበት ግጥሚያ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አሰልጣኙ ደወለላት።

«የት ነሽ?»

«ደረጃ ላይ ነኝ ጋሼ።»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፍሪጅ ይዣለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«አክስቴ አለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ እሷ ናት።»

«አቀብያት!» ብሎ ጮኸ። አክስት ስልኩን ወደ ራሳቸው ጆሮ ወሰዱት። «እመቤቴ፣ ይቺ ልጅ ከነገ ወዲያ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ እንዳለባት ያውቃሉ?»

«ታዲያ ለጡንቻዋ ጥሩ አይደል እንዴ?» አሉ አክስት።

አራተኛ ፎቅ ነበር። ቀበቶዋን አስከበረች፤ ፍሪጁም እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሰልጣኙን ያሳበደው ግን የሰባተኛው ግጥሚያ ነገር ነው። ክብደት በተለኩበት ቀን የተጋጣሚዋ እናት ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ጠብቀው እጇን ያዟት። «የኔ ቆንጆ፣ ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልታገባ ነው። ሌላ ሌላውን እንደፈለግሽ፤ ፊቷን ብቻ ተይልኝ።» ክብርት ሻምፒዮኗ «እሺ እማማ» አለች። በማግስቱ አሰልጣኙ ከመድረኩ ጥግ ሆኖ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ጭንቅላቷን! ጭንቅላቷን!» ይላል፤ እሷ «እሺ!» ትልና ጎድን ትመታለች። አሥር ዙር ሙሉ ጎድን። ሙሽሪት ከአራተኛው ዙር በኋላ ነገሩ ገባት። ፊቷን መሸፈኑን ተወችና በሁለቱም እጇ የሻምፒዮኗን ግራ ዓይን ትደበድብ ጀመር።

ወይዘሪት እሺ በነጥብ አሸነፈች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቶ ተቀምጣ ሳለ አሰልጣኙ ፈነዳ።

«ጭንቅላቷን ስልሽ እሺ አላልሽም?»

«ብያለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እናቷ ቀደሙዎት።»

አንድ ሳምንት አኮረፋት። እሷ ሠርጉ ላይ ተጠርታ ሄደች። ፎቶ አንሺው «ያንን ጎንሽን አዙሪልኝ» ስላላት በሙሽሪት የሠርግ አልበም ውስጥ የሻምፒዮኗ ግማሽ ፊት ብቻ ይገኛል። የሙሽሪት ፊት ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም።

እብጠቱ ጎደለ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ልምምድ ላይ አሰልጣኙ ከግራዋ በኩል ፎጣ ወረወረላት። ፎጣው ትከሻዋን መትቶ ወደቀ። ሌላ ወረወረ፤ እሱም ወደቀ።

«ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

ስትጠየቅ መደበቅም ስለማትችልበት ነገረችው። በግራ ዓይኗ ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተቀድዶ በዚያ ጎን አይታያትም። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ብሏታል፤ ግን አንድ ከባድ ምት ካረፈበት ግራ ዓይኗ እስከ መጨረሻው ይጠፋል። ከእንግዲህ እንዳትጋጠም ከልክሏታል።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩ።»

«ግጥሚያ የሚያዘጋጀው ፕሮሞተር ለሚቀጥለው ሲደውልልሽስ?»

«እሺ አልኩ።»

«ለሁለቱም?»

«ሁለቱም በትሕትና ነው የጠየቁኝ ጋሼ።»

ውሉ የሚፈረመው በማግስቱ ጠዋት ነበር።

አሰልጣኙ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ቁጣው መጣ፣ የሚያራግፍበት ሰው ግን አጣ። በአክስቷ ሊቆጣ አሰበ፣ በወንድሟ፣ በሙሽሪት እናት። ሁሉም የጠየቋት እሱ ከጠየቃት በኋላ ነው። በእሺታዋ ስም ያተረፈ፣ ሰሌዳ ያሰቀለ እሱ ነው። አሁንም «ተጋጠሚ» ቢላት በአንድ ዓይን መድረክ ላይ እንደምትወጣ ያውቃል፤ ይህን ማወቁ አስፈራው።

«ተነሺ» አላት። «ዛሬ አዲስ ነገር ትማሪያለሽ። እምቢ በይ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። እምቢ!»

«እሺ ጋሼ፣ እላለሁ።»

ምት የሚቀበልባቸውን መለማመጃ ፓዶች በሁለት እጁ አጥልቆ ከፊቷ ቆመ። «እኔ እጠይቅሻለሁ፤ አንቺ እምቢ ትይና ትመቺያለሽ። መኪናዬን እጠቢልኝ!»

«አሁን?» አለች፣ ጓንቷን ለማውለቅ እየታገለች።

«መጋረጃ ስቀይልኝ!»

«የየትኛውን ክፍል?»

«እህቴን ከአውቶቡስ ጣቢያ ተቀበይልኝ!»

«እም…» አለች። አሰልጣኙ ትንፋሹን ያዘ። «እም… እሺ። በስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት?»

በዚህ መሃል የላውንደሪዋ ባለቤት አንገቷን በበሩ አስግጋ አንሶላ የሚያጥፍላት ሰው ጠየቀች። የዓለም ሻምፒዮኗ «እሺ» ብላ ወረደች። አሰልጣኙ ፓዶቹን እንዳጠለቀ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ጠበቃት። ስትመለስ ተስፋው አልቆ ነበር። ፓዶቹን አወለቀ።

«በቃ ተይው» አለ። «ነገ ከቤትሽ አትውጪ። እኔ ሄጄ አትጋጠምም እላቸዋለሁ። ይጩኹብኝ፣ ስድብ ለምጃለሁ።»

እሺታዋን ጠበቀ። እሷ ጓንቷን አየች፤ እሱን አየች።

«እምቢ።»

«ምን አልሽ?»

«እምቢ ጋሼ። በእኔ ምክንያት ማንም አይጮኽብዎትም። እሺ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

አሰልጣኙ በዕድሜው ብዙ ተመትቷል፤ እንዲህ ያለ ምት ግን አርፎበት አያውቅም። ይወዳታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ለእሷ ቀርቶ ለራሱም ተናግሮ አያውቅም ነበር። አሁንም አልተናገረም፤ ጎንበስ ብሎ የጓንቷን ማሰሪያ ፈታላት።

የፕሮሞተሩ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ካሜራዎች፣ ታላቅ ወንድሟ በአዲስ ሱፍ። ፕሮሞተሩ እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጣት።

«እዚህች ጋ ብቻ ነው፣ እመቤቴ።»

«እምቢ» አለች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀልድ ታውቃለች ብሎ የጠበቀ ስላልነበር ሁሉም ደስ አለው። ቀጥሎ ግን እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ፣ እሺ በይ እንጂ!» አለ ወንድሟ።

«እምቢ ወንድሜ።»

ፕሮሞተሩ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «ካልተጋጠምሽ ቀበቶውን ትለቂያለሽ። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ዓይኔ ይበልጥብኛል።»

ቀበቶውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ውሉ አጠገብ አስቀመጠች። ፕሮሞተሩ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«አንተ ንገራት እንጂ!»

«እሷ ነግራሃለች» አለ አሰልጣኙ።

ከመውጣቷ በፊት የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ በየተራ ይቅርታ ጠየቀች፣ ካሜራ የያዙትንም ጭምር። አንደኛው እጇን ጨበጣት። ወንድሟ ሱፉን እያስተካከለ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

ደረጃውን ወርደው ደጅ ወጡ። ፀሐዩ በርትቷል። ጥቂት እንደሄዱ ቆመች።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ቀዶ ሕክምናው ከነገ ወዲያ ነው። ብቻዬን መሄድ ፈርቻለሁ። አብረውኝ ይሄዳሉ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ምንም ስትጠይቅ ሰምቷት አያውቅም። በዙር መሃል እንኳ ራሱ ካላጠጣት ውሃ አትለምንም ነበር። እሺ ሊላት አፉን ከፈተ። ድምፁ እምቢ አለው። ራሱን በኃይል ነቀነቀ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

እሷ ፊት ለፊቷን እያየች ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ካልተመቸዎት ግን…» አለች።

በግራዋ በኩል መቆሙ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ጉልበቱን እየጎተተ ዞሮ በቀኟ በኩል መጣና እንደገና ራሱን ነቀነቀ።