ሻማሻ ኦራሃ እግሩ ጋ ሲደርሱ

እግዚአብሔር ከተማ ሲያስቆረቁር መጀመሪያ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፤ ከዚያ የነገሥታትን ውድቀት የሚተነትን አንድ ሰው መርጦ ያስቀምጣል። ያለዚህ ሰው ከተማ አይሞላም። ታውቁታላችሁ። ምንም ዜና ብትነግሩት ነቢዩ ዳንኤል ቀድሞ ነግሮታል። ዳቦ ቢወደድ ዳንኤል ላይ አለ፤ መብራት ቢጠፋ አለ፤ የጎረቤት ልጅ ትዳሯን ብትፈታ እንኳ ፈልጎ አያጣትም።

ሞሱል አጠገብ ላለችው ከተማችን ለቴል ዘይታ የደረሱን ክቡር ሊቀ ጠበብት ሻማሻ ኦራሃ ነበሩ። ሻማሻ በእኛ አፍ ዲያቆን ማለት ነው፤ እሳቸው ግን መቅደስ ካሳለፉት ጊዜ እኔ ፀጉር ቤት ያሳለፉት ይበልጣል። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እሳቸው ራሰ በራ ናቸው። የሚፈልጉት መቀስ አልነበረም። የሚፈልጉት አንገቱ ላይ ፎጣ ታስሮበት፣ ፊቱ በሳሙና ተለቅልቆ፣ ሮጦ ማምለጥ የማይችል ሰው ነበር።

ናቡከደነፆር በሕልሙ ያየውን ያን ትልቅ ምስል ሻማሻ የሚያስተምሩት በደንበኛዬ ገላ ላይ ነው። ማበጠሪያዬን ያነሱና አናቱን ነካ ያደርጋሉ። "ራሱ ወርቅ፤ ባቢሎን። ወደቀች!" ደረቱን ነካ። "ብር፤ ሜዶንና ፋርስ። ወደቁ!" ሆዱን ወጋ። "ናስ፤ ግሪክ። ወደቀ!" ጭኑን መታ። "ብረት፤ ሮም። እሷም ወደቀች!" ምስኪኑ ደንበኛ ያለቀ መስሎት ብድግ ሲል ትከሻውን ተጭነው ያስቀምጡታል።

"ቆይ! የት ልትሄድ ነው? እግሩ ጋ ገና አልደረስንም!"

እግሩ እኩሉ ብረት፣ እኩሉ ሸክላ ነው፤ ጣቶቹ ደግሞ እንደየዘመኑ ይለዋወጣሉ። በአባቴ ጊዜ አውራ ጣቱ እንግሊዝ ነበር። በኋላ ሩስያ ሆነ፣ ከዚያ አሜሪካ፤ ትንሿ ጣት አንድ ሰሞን ኩዌት ነበረች። ዛያ የሚባለው ባለታክሲያችን አንድ ቀን "ሻማሻ፣ ጣቱ እኮ አሥራ ሦስት ሞላ" ቢላቸው፣ "ጣት የምቆጥረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ዝም ብለህ ተላጭ!" አሉት።

ባለቤታቸው እትዬ ሽሙኒ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ትዘጋዋለች። "ስንት መንግሥት ገለበጠ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧዬን ግን እስከ ዛሬ አልዘጋልኝም።"

በዚያ ክፉ ዘመን የፕሬዚዳንቱ ፎቶ እንደ ሁሉም ሰው ሱቅ እኔም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ጠዋት ከደኅንነት ቢሮ ነው የሚባል ባለ ወፍራም ጢም ሰውዬ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ሻማሻ እንዳላዩ ያልፋሉ ብዬ ስጸልይ ማበጠሪያዬ ከእጄ ጠፋ። ወርቁን ነገሩት፤ ብሩን፣ ናሱን፣ ብረቱን አወረዱለት። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እኔ ምላጩን ከጉሮሮው አራቅሁ።

"እሺ፣ እግሩስ?" አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሻማሻ ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

"እግሩማ... ጌታዬ፣ እንዴት ያለ ጫማ ነው! ከየት ገዙት?"

ሰውዬው ከሞሱል ነው አለና ስለ ጫማው ብዙ አወራ። ሲወጣ ሻማሻ በሩ ላይ ቆመው እግሩን ዓይናቸው እስኪታክት ተከተሉት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፎቶው ከየግድግዳው ሲወርድ "አልነገርኳችሁም?" እያሉ ከተማውን ዞሩ። የነገሩን ነገር የጫማ ዋጋ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ያደክማል። ገበያ አባሮብኛል፤ ማበጠሪያ ሰብሮብኛል፤ ሰላም ባደርኩበት ቀን ጦርነት ይዞብኝ መጥቷል። ይሂዱልኝ ብዬ ያልተሳልኩለት ቅዱስ የለም።

ነነዌ ፍርስራሿ ከእኛ በመኪና ቅርብ ነው። ዮናስ የሰበከላት፣ ሕዝቧ ከነከብቱ ጾሞ የዳነችው ያቺ ነነዌ ናት። እኛም በየዓመቱ፣ ከዓቢይ ጾም በፊት፣ ሦስቱን ቀን እህል ውኃ ሳንል እንጾማለን። ሻማሻም የነገሥታቱ ምሽግ ሁሉ ይፈርሳል እንጂ የምትጾም ከተማ ትተርፋለች ብለው ያምናሉ። ይህን ግን ለደንበኞቼ ነግረው አያውቁም ነበር፤ የተናገሩት ባለጥቁር ባንዲራዎቹ ታጣቂዎች ሞሱልን ይዘው ወደ እኛ ሲመጡ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ነበር። ሰው መኪና ሊጭን ሲራኮት ሻማሻ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ።

"የሚወድቅ መንግሥት ነው!" አሉ። "እኛ መንግሥት ነን እንዴ? ወርቅ ነን? ብረት ነን? ለነነዌ የራራ አምላክ በየዓመቱ ለምንጾመው አይራራም? ሂዱ፣ ልጆቻችሁን አስተኙ!"

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም ነገር ተነበዩ፤ ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ አመናቸው። ስንቱ የጫነውን አወረደ። እኔም ብርድ ልብሱን ከመኪና አውርጄ ወደ ቤት መለስኩ። በበነጋታው ታጣቂዎቹ ደረሱ ተብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል የሚሸከፍበት ጊዜ አልነበረም። ሻማሻንና እትዬ ሽሙኒን በዛያ ታክሲ፣ የሰው ጭን ላይ አስቀምጠን ወጣን። ሕይወታችን ተርፏል። ቤታችን ግን ተቃጥሏል፤ የነሻማሻም ጭምር።

ሸሽተን በደረስንባት በአንካዋ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በተደረደሩ የቆርቆሮ ክፍሎች ውስጥ ተጠለልን። እኔ መስታወቴን ከአንዱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግቼ ሥራ ጀመርኩ። ደንበኛ አላጣሁም። ማበጠሪያዬን የሚነጥቀኝ ግን አልነበረም። ሻማሻ ከክፍላቸው አይወጡም። ማንም "አንተ ነህ ያስቀረኸን" አላላቸውም፤ ቢላቸው ይሻል ነበር፤ መጨቃጨቂያ ያገኙ ነበር።

የዚያ ዓመት የነነዌ ጾም በዝናብና በጭቃ አለፈ። ጾሙ ሲፈታ ሴቶቹ ከሰባት እህል የሚፈጨውን በሶ አዘጋጁ፤ ሁሉም ቀመሰ። ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ ሽሙኒ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ወደ መስታወቴ መጣች።

"ያልዳ፣ አልፈታም አለ" አለችኝ። "ዕለት ዕለት ከንፈሩን በውኃ አረጥብለታለሁ፤ ሌላ የለም። ሊሞት ነው። አንተን ይሰማል፣ እባክህ።"

"እኔን? እትዬ፣ እሳቸው እኔን ሰምተው አያውቁም። ሰሚው እኔ ነበርኩ።"

ገባሁ። ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዙረው ተኝተዋል። ትከሻቸው የሕፃን አክሏል።

"ሻማሻ፣ ጾሙ እኮ አለቀ።"

"ለአንተ አለቀ።"

"ለሁሉም አለቀ። ሦስት ቀን ነው፣ እርስዎ አይደሉ የሚያስተምሩን?"

"ለነነዌ በቃት፤ ለእኛ አልበቃም" አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። "የነገሥታቱን ውድቀት ሁሉ ሳወራ ኖሬ የገዛ ደጄን አላየሁም፣ ያልዳ። አፌ ነው ሰው ያስቀረው። አሁን ይዘጋ። ተወኝ።"

ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አዘንኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ሰው ሠላሳ ዓመት አላስወራ ብሎህ ኖሮ እንዴት በጸጥታ ይሞትብሃል? የፕላስቲክ ወንበሬን ጎትቼ በራቸው ፊት ለፊት፣ ጭቃው ላይ ተከልኩት። ዛያን ጠራሁና አስቀመጥኩት፤ ፎጣ አሰርኩለት።

"ትናንት እኮ ተላጭቻለሁ" አለ ዛያ።

"ዝም ብለህ ተላጭ!" አልኩ፤ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ ጮኽኩ። ማበጠሪያዬን አነሳሁና አናቱን ነካሁ። "ራሱ ወርቅ፤ ይኸውልህ ሮም!"

ጆሮዬን ወደ በሩ ጣልኩ።

"ደረቱ ብር፤ ቱርክ!"

አልጋው ተንቋቋ። እትዬ ሽሙኒ ሻርፗን ነክሳ ቆማለች።

"ሆዱ ናስ፤" ብዬ የዛያን ሆድ ወጋሁት፣ "ይሄ ደግሞ ሆዳሙ ናቡከደነፆር ነው!"

"አህያ!"

በሩ ተከፈተ። ክቡር ሊቀ ጠበብት ሻማሻ ኦራሃ በካልሲ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ የበሩን መቃን ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ።

"ንጉሡን ሆድ ታደርገዋለህ? ዳንኤል ፊት ለፊት 'የወርቁ ራስ አንተ ነህ' አላለውም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ነበር ጆሮህ ላይ የጮኸው? አምጣ!"

ማበጠሪያዬን ነጠቁኝ። የዛያን አናት ሊነኩ ሲሉ ሁለቴ ሳቱት። ባቢሎንን ጣሉ። ፋርስን ጣሉ። ግሪክ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸው ደርቆ ድምፃቸው ተዘጋ፤ እትዬ ሽሙኒ ቃል ሳትናገር ውኃውን አቀበለቻቸው፤ እሳቸውም ተቆጥተው ስለነበር ምን እንደሚያደርጉ ሳያስተውሉ ጭልጥ አድርገው ጠጡት። ከዚያ ሮምን ጣሉ። የወደቀውን ሁሉ ስሰማ፣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህ ሰው ሲያስፈራራን የኖረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚረግጠን ሁሉ አንድ ቀን እንደሚወድቅ እየነገረ ሲያጽናናን ነው የኖረው።

ማበጠሪያው ወደ ታች ወረደና ቆመ። የዛያ እግር በእርዳታ ነጠላ ጫማ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር። ሻማሻ ጭቃውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው እንደገና ሊጨልም ሲል ፈራሁ።

"እግሩስ፣ ሻማሻ?" አልኩ።

የበሩ ደፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እትዬ ሽሙኒ የበሶውን ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ስኳር የለውም" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እግሩ ብዙ ነገር አለው። ዛሬ ደክሞኛል። እግሩን ነገ እነግርሃለሁ" አሉ።

እትዬ ሽሙኒ ስኳር ፍለጋ በጭቃው እየሮጠች ሄደች። ዛያ ፎጣው እንደታሰረበት ያለቅሳል። እኔም ይሂዱልኝ ብዬ ለቅዱሳኑ ሁሉ የገባሁትን የድሮ ስለት እዚያው ሻርኩ፤ እግሩ ጋ መቼም እንዳይደርሱ ለመንኩ።