ለወፎች የተደረገ አቀባበል

ወፍ ለማየት ብሎ ረግረግ ውስጥ የሚቆም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በደርግ ጊዜ መተማ አብሮኝ ያስተምር የነበረው ታዬ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው ኩሬ በወፍ ሲሞላ፣ የርቀት መነጽሩን አንጠልጥሎ እኔንም እየጎተተ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን አብዮት ጠባቂዎች ሰላዮች ናችሁ ብለው ሁለታችንንም ቀበሌ ወሰዱን።

«ድንበር ላይ ምን ታያላችሁ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ወፎች ነው፣ ጓድ። ብርዱን ሸሽተው ከሩሲያ የመጡ ናቸው» አለ ታዬ።

የሊቀመንበሩ ፊት ፈካ። «ታዲያ እንግዶች መምጣታቸውን ለምን አልነገራችሁንም?»

እሁድ የቀበሌው ሕዝብ ኩሬው ዳር ተሰልፎ ለእንግዶቹ አጨበጨበ። ወፎቹ ደንግጠው ባንድ ላይ ተነሡና ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ሁላችንም የሄዱበትን በቅናት እያየን ቀረን።