ለፈረስ ሰፋ ያለ ጫማ የገዛሁ እናት

እህቶቼ፣ ዛሬ በእኔ የጫማ ምርጫ ፈረስ አነከሰች።

አዎ፣ ፈረስ!

ልጄ ሶሊያና ቅዳሜ ቅዳሜ ሊትልተን ከተማ አንድ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ታግዛለች። ከሁሉም የምትወደው ፔኒ የምትባለውን ባዝራ ነው። የፔኒ ባለቤት ሚስ ጁዲ "ጫማ ከተገኘላት፣ ፔኒን ይዘሽ ከእኛ ጋር ተራራ ትወጫለሽ" ብለው ቃል ገቡላት።

ልጄ ሳምንቱን ሙሉ የምታወራው ይህንኑ ነበር።

ፔኒ ኮቴዋ ላይ ብረት የላትም፤ ጠጠር ያማታል። ለካ ለፈረስም የሚጠለቅና የሚታሰር ጫማ አለ! እኔ ልግዛላት አልኩ። ልጄን እንደ ልጃቸው ለያዙ ሰው ይህ ሲያንስ ነው።

ሚስ ጁዲ ኮቴዋን ለክተው ሰጡኝ። "በልኳ ይሁን፤ ጥብቅ ማለት አለበት" አሉኝ።

በልኳ? እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ መሃል ለልጇ ጫማ በልክ የምትገዛ ማን ናት?

አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ኦርደር አደረግኩ።

ጠዋት ሶሊያና ሳጥኑን አይታ ጮኸች። "ማሚ! ፔኒ እኮ አስራ አራት ዓመቷ ነው!"

"አንቺስ አስራ አራት አይደለሽ? እያደግሽ ነው።"

"ማሚ፣ ሺ ኢዝ ኤ ሆርስ!"

ጉዞው ዛሬ ነው፤ ለመቀየር ጊዜ የለም። "አይዞሽ፣ አስተካክለዋለሁ" አልኳት። ጋጣው ስንደርስ ለማንም ሳልናገር ጫፉ ላይ ካልሲ ወተፍኩ፣ ማሰሪያውን አጠበቅኩ።

ገና ዳገቱ ሲጀመር ጫማው ዞሮ አፍንጫው ወደ ኋላ ሆነ። ፔኒ አነከሰች። ጌታ ይመስገን፣ ልጄ አልወደቀችም።

ሚስ ጁዲ ጎንበስ ብለው ሲፈቱት ካልሲው ወጣ። አበባ ያለበት ካልሲ!

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ካልሲ።"

"ለፈረስ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የፔኒ ተረከዝ ተልጦ ደምቷል። "እስክትድን አትጋለብም። ከዚያ በኋላም አስብበታለሁ" አሉ። ሌሎቹ ወደ ተራራው ወጡ። ልጄ ባዝራዋን እየሳበች በእግሯ ተመለሰች።

 በልቤ እየጸለይኩ ወደ ቤት ነዳሁ።

ቤት ገብታ፣ እሱንም ከፍ አድርጌ የገዛሁላትን የግልቢያ ቡትሷን ስታወልቅ ተረከዟን አየሁት። ተልጧል። ልክ እንደ ፔኒ።

"ልጄ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩሽ እኮ። 'ጌታን አመስግኚ፣ ጫማ የሌለው አለ' አልሽኝ።"

ብያለሁ። ሁልጊዜም እላለሁ።

ውሃ አሙቄ እግሯን አጠብኩላት። 

ፔኒ ስታነክስ ሚስ ጁዲ "አመስግኚ" አላሏትም፤ ጎንበስ ብለው ጫማዋን ፈቱላት።

እህቶቼ፣ እኔ ልጄ እስክታነክስ ነበር የምጠብቀው?