አክስቴ ትርንጎ ፓሪስ ላይ ለቅሶ ስትደርስ

አገር ያለ ዳኛ፣ ሰፈር ያለ ለቅሶ ደራሽ አይቆምም። የትም ሰፈር ብትሄዱ አንዲት አትጠፋም፤ ጥሩምባ ነፊው ከቤቱ ሳይወጣ ማን እንደሞተ የምታውቅ፣ ጥቁር ቀሚሷ ከበር ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቃት፣ የሟችን ደግነት ሟቹ ራሱ በሕይወቱ ሰምቶት በማያውቅ ዝርዝር የምታወራ። በደብረ ብርሃን፣ በእኛ ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዘችው ክብርት አክስቴ ትርንጎ ናት።

አክስቴ ለቅሶ አትመርጥም። ጫጫ ላይ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ ከተባለ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት።

"ታውቂያቸው ነበር?" እላታለሁ።

"ቀብር ደግሞ ለመተዋወቅ ምን ይከለክላል?" ትለኛለች።

አንድ ጊዜ እነዋሪ ለቀብር ሄዳ ቤተ ክርስቲያኑ ተሳሳተባት። እዚያም ሌላ ቀብር ነበረ። አንጀቷ እስኪርስ አልቅሳ፣ ንፍሮዋን ቆርጥማ ተመለሰች። የሄደችበት ሰው ሌላ ቦታ መቀበሩን ብንነግራት ቅር አላላትም። "የዚያኛውስ ሬሳ የሰው አይደለም?" አለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ከጠራና እሷ ከሆነች "ሃሎ" አትለኝም፤ "ልብስህን ቀይር" ነው የምትለው። ሥራ አለኝ ብል መልሷ አንድ ነው፦ "ሰው ብቻውን አይሸኝም።"

ልጇ ቤዛ ፓሪስ ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። እናቷን "ነይና አገር እዪ" እያለች ስትለምን ዓመታት አለፉ። አክስቴ ግን "እኔ ሄጄ ሰው ቢሞትስ?" እያለች ትመልሳት ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ በድንገት "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለች። ብቻዋን አውሮፕላን መሳፈር ስለፈራች እኔም ተከተልኳት። ሁላችንም ከመደሰታችን የተነሣ ምን ሐሳቧን እንዳስቀየራት የጠየቃት የለም።

ፓሪስ በአክስቴ ፊት ብዙ ደከመች፤ አልሆነላትም። ብርዱን "ይሄማ የእኛው ነው" ብላ ናቀችው። ያን ዓለም የሚጎርፍለትን የብረት ማማ አንዴ ቀና ብላ አየችና "ምን ያደርግላቸዋል?" ብላ ፊቷን ወደ ሰዉ መለሰች። ቤዛ "እማዬ፣ ወደ ላይ እኮ ነው የሚታየው" ብትላትም የምታየው አላፊ አግዳሚውን ነበር። ምድር ለምድር የሚሄደው ባቡር ውስጥ ስንገባ "እንደምን አደራችሁ?" ብላ ለተሳፋሪው ሁሉ ሰላምታ ሰጠች። የመለሰ የለም።

"ተጣልተው ነው እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ከዚያ ዓይኗን ወጣት ወንዶች ላይ ትተክላለች። በተለይ መልካቸው እኛን የሚመስሉትን፣ አፍረው እስኪዞሩ ድረስ ታያቸዋለች። እኔም "የገጠር ሰው፣ ምን ይደረግ" ብዬ ለማላውቃቸው ሰዎች ፈገግ እያልኩ ይቅርታ እጠይቅላት ነበር።

ምንም አልማርካት ሲል ቤዛ አንድ ሐሳብ መጣላት። በከተማው ውስጥ አንድ ሰፊ፣ ያረጀ መካነ መቃብር አለ፤ ቱሪስቱ ካርታ ይዞ ይጎበኘዋል። እዚያ ወሰደችን። አክስቴ የተጠረበውን ድንጋይ፣ ዛፉን፣ መስቀሉን እያየች ስትሄድ ፊቷ ፈካ። "ይኸውልህ፣ አሁን አገር አየሁ" አለችኝ።

ወደ አንድ ጥግ ስንደርስ ጥቁር መኪና ቆሟል። አራት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ይሄዳሉ። ከኋላቸው ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይከተላሉ። ሌላ ሰው የለም።

አክስቴ ቆመች። ግራ ቀኙን አየች፤ የዘገየ ቀባሪ ይኖር እንደሆነ ብላ ነው። ማንም እንደማይመጣ ሲገባት ነጠላዋን አውርዳ አዘቀዘቀችው።

"እማዬ፣ አናውቃቸውም እኮ" አለች ቤዛ ክንዷን ይዛ። "እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም።"

"ሰው ብቻውን አይሸኝም" አለችና ክንዷን አስለቅቃ ሄደች።

ከሽማግሌው ጎን ስትደርስ በእኛው ዜማ፣ በእኛው እንጉርጉሮ ለቅሶዋን ጀመረች። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቆሙ። እኔ ይቅርታ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ቃል ስፈልግ ሽማግሌው ዞሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ አዩአት። እሷ እጇን ትከሻቸው ላይ ስታሳርፍ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የተቀበረችው ባለቤታቸው ማርግሪት ነበረች። ልጅ አልወለዱም፤ ወዳጆቻቸውም ቀድመዋቸዋል። ስማቸው አንድሬ ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁ። ቤዛ ለመተርጎም አመነታች።

"ምን አሉ?" አለች አክስቴ።

"ማርግሪትን የት ነበር የምታውቋት? ነው የሚሉሽ።"

"አላውቃትም በያቸው። የእኔም ልጅ ወደዚህ አገር ሲመጣ መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደወደቀ አላውቅም። የማያውቁት ሰዎች ቀብረውት ይሆናል። ያኔ አንድ ሰው፣ የማንም እናት ትሁን፣ ቆማለት እንደሆነ ብዬ ነው በያቸው።"

ቤዛ አልተረጎመችም። የሰው መቃብር ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ሸፈነች።

የአክስቴን የመጨረሻ ልጅ ዘሥላሴን ሁላችንም እናውቃለን። በሊቢያ በኩል ወጥቶ፣ ከባሕሩ ዳር ደውሎ "ፓሪስ ስገባ እደውልልሻለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ፤ መርዶ ግን አልመጣም። መርዶ ሳይነገር ደግሞ አይለቀስም። ሰፈሩ ሁሉ "አንድ ቀን ይመጣል" እያለ ዓመታት አለፉ፤ እሷም "አሜን" እያለች የሌላውን ሰው ሬሳ ስትሸኝ ኖረች። በባቡሩ ውስጥ ስታፈጥባቸው ከነበሩት ልጆች ላይ የማንን ፊት ትፈልግ እንደነበር የገባኝ እዚያ መቃብር መሐል ነው።

ቤዛ በመጨረሻ ተነሥታ ለሽማግሌው ነገረቻቸው። እሳቸውም የአክስቴን እጅ ወስደው ሳሙት።

ከዚያ በኋላ ጉብኝታችን አበቃ። ሥዕሉም፣ ወንዙም፣ ጀልባውም ቀረ። አክስቴ ቤዛን ስንዴና ሽምብራ አስገዝታ ንፍሮ ቀቀለችና ሽማግሌው ቤት ተሸክመን ሄድን። እዚያ አገር ልንጎበኝ የወጣን ሦስት ሰዎች ለቅሶ ተቀመጥን። የፈረንሳዮቹን "አቶ" በድሮው አጠራር ይዛ "ሙሴ አንድሬ" ነው የምትላቸው። ሙሴ አንድሬ ንፍሮውን አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ እየበሉ ስለ ማርግሪት ያወራሉ፤ ከዚያ ስለ ዘሥላሴ ይጠይቃሉ። አክስቴም ለእኛ ነግራን የማታውቀውን ነገረቻቸው። ሲስቅ ዓይኑ እንደሚጠፋ፣ ሲተኛ እግሩን ከብርድ ልብሱ ውጭ እንደሚያደርግ። ቤዛ የወንድሟን ነገር በፈረንሳይኛ እየመለሰች ታለቅስ ነበር።

ደብረ ብርሃን ስንመለስ ጎረቤቱ "እንኳን ደህና ገባሽ" ለማለት ቤቷን ሞላው። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረ ሕይወት "እህ፣ ፓሪስን እንዴት አየሻት?" አሏት።

"ለቅሶ ነበረብኝ፤ ብዙም አላየኋት" አለች።

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የማርግሪትን ቀብር ነገረቻቸው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ዘሥላሴንም እዚያው አለቀስኩት" አለች።

እማማ አስካለማርያም የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ከሁሉ ይልቅ "ይመጣል" ሲሉ የኖሩ አሮጊት ናቸው። የያዙትን ብርጭቆ መሬት አስቀመጡ።

"ብቻሽን አለቀስሽው?" አሏት።

"ሙሴ አንድሬ ነበሩ።"

"እሳቸው እግዜር ይስጣቸው። ጎረቤትሽ ግን እኛ ነን" አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

በማግስቱ ጥሩምባው ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ፍትሐቱም ተፈታ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ሩቅ ካለችው ከጎረቤላ ሳይቀር ጨለማ ሳይገፈፍ የተነሡ ነበሩ። አክስቴ ትርንጎ ግን በገዛ ለቅሶዋ ላይ የሐዘንተኛነቱ ሥራ ጠፋባት። አልቃሽ በገባ ቁጥር ብድግ እያለች ልታጽናና ትሄዳለች፤ ላረጁት ወንበር ትፈልጋለች፤ ንፍሮው ለሁሉ መድረሱን ታያለች። እማማ አስካለማርያም ትከሻዋን ይዘው ወደ ፍራሹ መለሷት።

"ተቀመጪ ልጄ። ዛሬ የመጣነው ለአንቺ ነው።"

ተቀመጠች። እኔም ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅሁም።