በጅብ ሆድ የተፈተነ ቀለም

«እባብ እንኳ ሊነድፍ ሲል ፊሽ ይላል፤ ቅጠል ግን ዝም ብሎ ነው የሚነድፍ። ዝም ያለ ሁሉ ደግ አይምሰልሽ» ብላት ነበር ይታይሽን አክስቷ።

ይህ የሆነው ድሮ ነው፤ ሰሚው ሳይወለድ፣ ተናጋሪው መዋሸት ሳይጀምር፣ አውሬ ሁሉ እርስ በርሱ መበላላቱን ለጊዜው ትቶ ስብሰባ መቀመጥ በተማረ ዘመን። ሽኮኮዋ ይታይሽ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ክፍልን ሳትጨርስ እናቷ ሞተችና ታናናሾቿን ልታሳድግ ከትምህርት ቤት ቀረች። ፊደሉ በግማሽ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ሙሉ ነበር። የሽኮኮ ዋና ሥራው ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ማየት ነውና ስታይ ትውላለች፤ ያየችውንም በሆዷ ትይዛለች።

አድጋ አንዲት ልጅ ወለደች፤ ዘነቡ አለቻት። ዘነቡ ትምህርት ቤት ስትገባ እናትየው እሷ ያጣችውን ሁሉ ልጇ የምታገኝ መሰላት። ስለዚህም ከዚያ ቤት የሚወጣውን ቃል ሁሉ አክብራ ትሰማ ነበር። እስከዚያ ስብሰባ ድረስ።

ትምህርት ቤቱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ዝንጀሮ ነው፤ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚቀመጥ ብዙ የተማረ ይመስላል። አንድ ቀን ወላጆችን ሰበሰበና አንበሳ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መሆኑን፣ ልጆቹም የአንበሳን መልክ በዛፍ ቅርፊት ላይ ሥለው እንደሚቀበሉት ነገራቸው። የቀረው የቀለሙ ጉዳይ ብቻ ነው አለ።

የሥዕል መምህርቷ ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣችና ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚሥሉት በከሰል፣ በቀይ አፈርና በእንጆሪ ጭማቂ መሆኑን አስረዳች። ማጣበቂያውም የግራር ሙጫ ነው፤ ለመሟሟት ሁለት ቀን ይፈጃል እንጂ ልጅ ቢልሰው ጉዳት የለውም አለች። ዝንጀሮ ፊቱን አጨማደደ። አንበሳን የሚያህል እንግዳ በከሰል ይቀበሉታል ወይ? አፈሩ በቁልቋል ወተት ቢለወስ እኮ ሲደርቅ እንደ ኩሬ ውሃ ያብለጨልጫል። በጎረቤት ጫካ ያለው ትምህርት ቤትም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። አይቶ ባያውቅም ሰምቷል።

ከቁልቋል የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ የማያውቅ አውሬ በዚያ ጫካ አልነበረም። ግን ሁሉም ሌላው እስኪናገር ጠበቀ። ይታይሽ ወደ ኤሊ ብትዞር ኤሊ አንገቷን አስገብታለች።

ያኔ አያ ጅቦ ተነሣ። አያ ጅቦ የጫካው የዕቃ ደህንነት መርማሪ ነበር። ለዚህ ሹመት ያበቃው ምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ግልጽ ነዋ፣ በዕድሜው የበላው ነገር አሞት አያውቅም። የቁልቋሉን ወተት በሦስት ቅል ጠጥቶ፣ ቅሎቹንም አብሮ ቆርጥሞ፣ በሰላም መክረሙን ለጉባኤው መሰከረ። የእሱ የጥርስ ምልክት ያረፈበት ዕቃ ሁሉ ለሕፃናት የተፈቀደ መሆኑንም አስታወሰ። ይህን ሲል ጥርሱን አሳየ። ወላጆቹም ጥርሱን አይተው እፎይ አሉ።

ይታይሽ ተነሣች። ከዚያ በፊት ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎ ጠጥተውት ባይታመሙ አይገርመኝም» አለች። «ልጅ ግን ቀለም አይጠጣም። ልጅ እጁን ነክሮ ዓይኑን ነው የሚያሸው። እርስዎ ዓይንዎ ውስጥ ጨምረውት ያውቃሉ?»

ጅብ መመሪያው ስለ ሆድ እንጂ ስለ ዓይን አንድም ቃል እንደማይል ገለጸ። ዝንጀሮ ከቅርንጫፉ ጎንበስ አለ።

«እታለም፣ ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ሁለተኛን አልጨረስኩም።»

«እሱስ ያስታውቃል።»

ተሰብሳቢው ሳቀ። ጎሽ እንኳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ጎሽ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው ያን ዕለት ነው።

በዚያ ጫካ ድምፅ የሚሰጠው ጅራት በማንሣት ነበር። ሽኮኮ ደግሞ ጅራት የለውም። ይታይሽ ለተቃውሞ እጇን ብታነሣ ቆጣሪው ደንቡ ጅራት እንጂ እጅ አይልም ብሎ አለፋት። ከርከሮ ግን ጅራቱ ከተወለደ ጀምሮ እንደ ቆመ ነው፤ በየስብሰባው የመጣውን ሐሳብ ሁሉ ደግፎ ይወጣል፤ በዚህም አስተዋይ ሽማግሌ ተብሎ ይከበራል። ሐሳቡ ያለ አንዳች ተቃውሞ ጸደቀ።

ይታይሽ ልጇን አንበሳ በሚመጣበት ቀን ልታስቀራት አሰበች። ዝንጀሮ ግን የቀረ ልጅ ከመዝገብ ይሰረዛል ብሏል፤ ከመዝገብ መሰረዝ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከይታይሽ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከዓይንና ከፊደል ምረጪ ተብላ አደረች። ሲነጋ ልጇን ይዛ ወጣች።

«እጅሽን ሳትታጠቢ ፊትሽን እንዳትነኪ፣ እሺ?»

«ቢበላኝስ?»

«በክንድሽ እሺው።»

«ሁለቱንም ዓይኔን ቢበላኝስ?» አለች ዘነቡ። ይታይሽ ግንባሯን ስማ ሰደደቻት።

ወላጆች ከጅራታቸው ፀጉር እየነቀሉ ያዋጡት ብሩሽ ብዙ ነበር። ዝንጀሮ ግን አንበሳ አይቶ እንዲደነቅ ብሎ ብሩሹን ሁሉ በረድፍ ሰቅሎት ነበርና በቀለም የነካው ወዮለት አለ። ልጆቹ በጣታቸው ይሥሉ ጀመር። ውሃም ቢሆን አልጠፋም፤ አንድ ትልቅ ጋን ሙሉ ተቀምጧል። እሱ አንበሳ እጁን የሚታጠብበት ስለሆነ ልጆቹ ከእንግዳው በኋላ ይታጠባሉ ተባለ።

ይታይሽ ከቋጥኟ ላይ ሆና ታያለች። ፀሐይ ከረረች፤ የልጆቹ ግንባር ላበ። መጀመሪያ የጉሬዛ ልጅ ጮኸ። ሁሉም ወደሱ ሲዞር አንዲት ዝንብ መጥታ ዘነቡ ቅንድብ ላይ አረፈች። ይታይሽ የልጇን እጅ አየችው፤ በቀለም ተነክሮ ወደ ላይ ሲወጣ አየችው።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ጋኑ ዘንድ ስትደርስ ዝንጀሮ ተንደርድሮ ወርዶ ፊቷ ቆመ። ውሃው የጌታችን የአንበሳ መሆኑን፣ ጌታችንም በመንገድ ላይ መሆናቸውን ነገራት።

«እጃቸውን ይላሱት» አለችው።

ገፍታው አለፈች። ልጇን አስተኝታ፣ ሽፋሽፍቷን በጣቷ ከፍታ ይዛ፣ ውሃውን ቀስ እያደረገች አፈሰሰችው። ዘነቡ እየጮኸች ተራገጠች፤ እናትየው አልለቀቀቻትም። ከዚያ የጉሬዛውን፣ ከዚያ የሌሎቹን አጠበች፤ ጋኑ እስኪደርቅ። ኤሊ በበኩሏ ቆርጣ ተነሣችና ውሃ ልታመጣ ወደ ወንዝ ወረደች። በማግስቱ ደረሰች።

አንበሳ በሰዓቱ መጣ። ሥዕሉ እንደተባለው ያብለጨልጭ ነበር። አንበሳም የራሱን መልክ በየቅርፊቱ አይቶ በጣም ተደሰተ። ግማሹ ልጅ ዓይኑን በቅጠል የታሰረው ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ ዝንጀሮ የክብር አቀባበል ልብስ ነው አለው። አንበሳ ጫካው ባህሉን መጠበቁን አመስግኖ ሄደ።

የዘነቡ ዓይን ስድስት ቀን አልተገለጠም። በሰባተኛው ቀን «እማ፣ ጢምሽ ላይ ሣር አለ» አለች። ይታይሽ ሣሩን ሳታነሣ ስታለቅስ ዋለች። የጉሬዛው ልጅ ግን አንድ ዓይኑ እንደ ነጣ ቀረ።

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አያ ጅቦ። ወተቱን በጉባኤው ፊት ደግሞ ጠጣው፤ አገሳ። ቀለሙ ምንም ችግር እንደሌለበት፣ ጥፋቱ የመጣው ልጆቹ ዓይን ይዘው በመምጣታቸው መሆኑ ተረጋገጠ። ከእንግዲህ በትምህርት ሰዓት ዓይን ማሸት ተከለከለ። የእንግዳ ውሃ ያባከነችው ይታይሽም በወላጆች ፊት ቆማ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተወሰነ። ከርከሮ ደገፈ።

ይታይሽ ቆመች።

«ጅብ በሆዱ ይምላል፣ ልጅ በዓይኑ ይከፍላል» አለች፤ ተቀመጠችም። ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን ለመወሰን ሌላ ስብሰባ ተቀጠረ።

በማግስቱ ማለዳ ከምንጩ አንድ ቅል ውሃ ቀዳች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የልጅ እጅ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ድንጋይ ፈልጋ አኖረችው። ዝንጀሮ ከቅርንጫፉ ሆኖ ይህ ደግሞ የየትኛው እንግዳ ነው ብሎ ጠየቃት። በሩ ላይ ለመግባት ፈርቶ የቆመውን የጉሬዛ ልጅ ጠራችው፤ ትንንሽ እጆቹን በእጇ ያዘችና አንድ በአንድ ጣቶቹን ታጥብለት ጀመር።