ነፋስ የሚያጠራቅሙት ጋሽ ጎተራ

ምንም ነገር የማይጥል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ ነፋስ እንኳ አይጥሉም።

ክቡርነታቸው የጤና ጣቢያችን ቴክኒሻን ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ጎተራ» ይላቸዋል። የተቃጠለ አምፖል፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ አንድ እግር ካልሲ፣ ሁሉንም «ለክፉ ቀን ይሆናል» እያሉ ያስቀምጣሉ። «ሠላሳ ዓመት ሳይጥለኝ የኖረው በዚሁ ጠባዩ ነው» ይላሉ ባለቤታቸው።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ተርባይን አለ። ነፋሱ ሲበረታ ደካማው የመብራት መስመር ኃይሉን ስለማይችለው ተርባይኑን ያቆሙት ነበር። ጋሽ ጎተራ ይህን ሲያዩ ጮኹ፤ «እንዴ! ነፋስ ይጣላል?» ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተው፣ በትርፉ ኃይል ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ማሽንና ጋዙን የሚይዝ ታንክ አስተከሉ። መብራት ሲጠፋ ሌላ ማሽን ጋዙን መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። እሳቸው ከፈቀዱ ማለቴ ነው።

የዋንጫ ጨዋታ መሀል መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ለመናቸው። «ይሄ ክፉ ቀን አይደለም» አሉ። ሌላ ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ እንግዶች ፊት ንግግር ሲጀምሩ ማይኩ ዝም አለ። «ጮክ ብለው ይናገሩ» አሉ ጋሽ ጎተራ። እኔም «ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ጠፋ» ብዬ በምጽፍበት ጋዜጣ ላይ ቀለድኩባቸው። አነበቡት፤ ከዚያ ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡት።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ልጃችን ከጭብጥ የማትበልጥ ነበረች፤ የጤና ጣቢያው የሕፃናት ማሞቂያ ውስጥ አስተኟት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። የልመና ቃል እያዘጋጀሁ ወደ ማሽኑ ቤት ሮጥኩ።

ስደርስ ማሽኑ እየሠራ ነው። ጋሽ ጎተራ ማንም ሳይጠይቃቸው ጋዙን ከፍተው፣ የጤና ጣቢያውን ሌላ መብራት ሁሉ አጥፍተው፣ ኃይሉን ወደ ማሞቂያው ብቻ ልከውታል። መስመሩ ሁለት ቀን አልተመለሰም፤ ነፋስም አልነበረም። መለኪያው በወረደ ቁጥር ፊታቸው ይገረጣል።

«ጋሼ፣ ሊያልቅ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ይለቅ! ለማን ብዬ ነው ያጠራቀምኩት?» ብለው ተቆጡኝ። «ሂድ፣ ሚስትህ ጋ ተቀመጥ። ያለው ለአንድ ቀን ይበቃናል፤ ነፋሱ ደግሞ አይቀርም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ይንጓጓ ጀመር። ተርባይኑ ዞረ። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለምን ይዋሻል፣ ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ። አሁን «አንድ ታንክ አይበቃም» ብለው ከሰፈሩ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ስም ሥር ያለችው፣ ምስር የምታክል የአውራ ጣት አሻራ የልጄ ናት።